ሀብትነሽ ዋስ ያስጠራች ዕለት

የቢቸናዋ ሀብትነሽ ወፍጮ ከቆመ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ነሐሴ ላይ፣ በመብረቅ ይሁን በእርጅና፣ ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር አንዴ ጧ! ብሎ ጭሱን ለቀቀና የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። የሰው ቤትስ በኩራዝም ይመሻል፤ ወፍጮ ግን በኩራዝ አይፈጭም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዞ በናፍጣ ወፍጮ ያስፈጫል። ሀብትነሽ ደግሞ በየሳምንቱ ነጠላዋን አጣፍታ የመብራት ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ትሄዳለች። እዚያ ያለው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ይስባል፣ ጤናዋን ይጠይቃል፣ «በቅርቡ ነው፣ እትዬ» ይላታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሠላሳ ጊዜ ወንበር ተሳበላት፣ ሠላሳ ጊዜ በቅርቡ ተባለች፤ የተቃጠለው ትራንስፎርመር ግን እዚያው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እርግብ ይፈለፍልበታል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ቁም ነገሩ ልጇ ብሩክታይት ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ የወፍጮው እጅና እግር ይህች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ድንጋዩ ሲደንዝ ራሷ ትወቅረዋለች፤ የሞተሩ ቺንጋ ሲበጠስ ራሷ ትቀጥለዋለች፤ ከጓሮ ሆና ድምፁን ብቻ ሰምታ «እማዬ፣ ጤፉ አልቆ ገብሱ ገብቷል» ትላለች። ወፍጮው ሲቆም እሷም አብራ ቆመች። ጥር ላይ ፓስፖርት አወጣች። የካቲት ላይ አንድ ደላላ በር ላይ መጥቶ ሲያንሾካሹክ ሀብትነሽ በመጥረጊያ አባረረችው፤ ልጅቱ ግን እስከ መንገዱ ሸኘችው። በማግሥቱ ምሳ ላይ ቁርጡን ተናገረች።

«እማዬ፣ የቆመ ወፍጮ እያየሁ ማርጀት አልፈልግም። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልተነሳ ዓረብ አገር እሄዳለሁ። ከተነሳ አልሄድም። ቃሌ ነው።»

ሀብትነሽ ልትጎርስ ያነሳችውን እንጀራ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው። ልጇን ታውቃታለች፤ ቃሏ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ያውም አባቷን የወጣች!

ዳግማይ ትንሣኤ አራት ሳምንት ሲቀረው ወሬ መጣ። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ሞጣ ላይ ሕዝብ ሊያወያዩ ነው፤ ከየከተማው ተወካይ ይምጣ ተባለ። ከቢቸና የቅኔው መምህር መሪጌታ ሣህለ ማርያም ከካህናት በኩል፣ ሀብትነሽ ደግሞ ከነጋዴ ሴቶች በኩል ተመረጡ። ሀብትነሽ ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሠላሳ ጊዜ ከወንበር ወዲያ ያላለፈችው ሴት አሁን ለትልቁ ሰው ልትናገር ነው!

ሚኒባሱ ገና ከቢቸና እንደወጣ፣ ይዟቸው የሚሄደው የኮሙኒኬሽኑ ልጅ ደምለው የታጠፈ ወረቀት አደላቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች ሀብትነሽ።

«ጥያቄዎ ነው፣ እትዬ። ሰዓት እንዳይባክን ተዘጋጅቶ ነው።»

መነጽሯን አልያዘችምና መሪጌታ አነበቡላት፦ «ክቡርነትዎ፣ በከተማችን ለተሠሩት ዘርፈ ብዙ የልማት ሥራዎች ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ቀጣዩ የመንግሥት አቅጣጫ ምን ይመስላል?»

«የኔታ፣ ይኼ ጥያቄ ነው ምርቃት?»

«እኔም አለየልኝም» አሉ መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ።

«ትራንስፎርመሬስ የት አለ?»

ደምለው አንገቱን አከከ። «እሱ እንግዲህ፣ እትዬ፣ ዘርፈ ብዙው ውስጥ ይገባል።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ!» አለችና ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ደምለው ክፉ ልጅ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ሞጣ እስኪደርሱ ግን ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

ስብሰባው የተቀጠረው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ ርዕሰ መስተዳድሩ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ደልደል ያሉ፣ ሳቅ የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። ከፊት ረድፍ የየዘርፉ ኃላፊዎች ኮታቸውን ቆልፈው ተደረደሩ። ጥያቄው ተጀመረና ማይኩ መጀመሪያ ከመሪጌታ እጅ ገባ። እሳቸውም የተሰጣቸውን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ረስተውት ኖሯል።

«ጌታዬ፣ ለቢቸና ውኃ አምና በጀት ተይዟል ተባልን። ዘንድሮም ተይዟል ተባልን። ሌባ እንኳ ሲያዝ አንድ ቀን ይፈታል። ይህ በጀት ምን ወንጀል ቢሠራ ነው ሁለት ዓመት የተያዘው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ርዕሰ መስተዳድሩም ከልባቸው ሳቁ፤ ሲጨርሱ ግን «በጀቱ አሁንም ተይዟል፣ በቅርቡ ይለቀቃል» አሉ።

ቀጥሎ ይታያል የሚባል የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ተነሳ። «ልጆቻችን ለመሄድ ሲነሱ ሁሉም ነገር ይፈጥንላቸዋል» አለ። «ደላላው ቤት ድረስ ይመጣል፣ መኪናው በር ላይ ይቆማል። ልቅር፣ ሱቅ ልክፈት ያለ ልጅ ግን ለአንድ ፈቃድ ዓመት ይመላለሳል። መንግሥት የሚፈልገው መሄዳቸውን ነው ወይስ መቅረታቸውን?» ይህን ሲል ለሀብትነሽ ብሩክታይት ሻንጣ ስትጎትት ታየቻት። ርዕሰ መስተዳድሩ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ስለ ስደት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል፤ መፍትሔውም በቅርቡ ነው።

ሁለት በቅርቡ ሆነ እንግዲህ። ሀብትነሽ ተነሳች። ደምለው ከጥግ ሆኖ «ወረቀቱን፣ ወረቀቱን» በሚል እጁን ያወናጭፋል፤ እሷ ግን አላየሁህም አለችው።

«እኔ ወፍጮ አለኝ፤ መብራት የለኝም» አለች። «ትራንስፎርመራችን ከተቃጠለ ስምንት ወሩ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልተተካ ያለችኝ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ትሄድብኛለች። የእኔ ጥያቄ ይኼ ብቻ ነው። መቼ?»

ርዕሰ መስተዳድሩ አንገታቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ። «እናቴ፣ ክልላችን በኢነርጂ ዘርፍ ሰፊ ዕቅድ አለው። የእርስዎም ጉዳይ በቅርቡ ይፈታል።» የፊቱ ረድፍ አጨበጨበ። ማይክ አዟሪው እጁን ዘረጋ። ሀብትነሽ ግን ማይኩን አልሰጠችውም።

«ዋስ ይጥሩ» አለች።

«ምን አሉኝ፣ እናቴ?»

«ዋስ ይጥሩልኝ አልኩ፣ ጌታዬ።»

አባቷ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ዋርካ ሥር ተቀምጠው ሲዳኙ ትንሿ ሀብትነሽ ውኃ እያቀበለች ሁሉን ትሰማ ነበር። ለነገ ቃል የገባ ሰው ዋስ ሳይጠራ ከዚያ ዋርካ ሥር ሄዶ አያውቅም፤ ድሀም ይሁን ባለ ርስት። ይህ ከአእምሮዋ የጠፋ መስሏት ነበር። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሞጣ አዳራሽ ውስጥ ከአፏ አመለጠ።

«እርስዎ ነገ ባሕር ዳር ነዎት፣ እኔ ቢቸና ነኝ» አለች። «በቅርቡ ያሉት ቢቀር ማንን ልያዝ?»

አበስኩ ገበርኩ፣ አለች በሆዷ፤ ዛሬስ ለራሴም ዋስ ሳልፈልግ አልቀርም። ርዕሰ መስተዳድሩ አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ፤ ለካ ሳቅ እየታገላቸው ኖሯል።

«አባቴ ሙግት ወዳድ ገበሬ ነበር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዋስ ጥራ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እኚህ እናት እውነት አላቸው፤ እጠራለሁ።» ወደ ፊቱ ረድፍ ዞሩ። «ማነው ዋስ የሚሆነኝ?»

ያን ጊዜ ማየት ነበር! አንዱ ስልኩን አወጣ። አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ፤ ጫማው ክር የለውም። አንዱ ጣሪያው ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ቅድም ያጨበጨቡት እጆች ሁሉ ጭን ላይ ተኝተዋል።

«ዋስ ጠፋ!» አሉ መሪጌታ ከኋላ።

«ዋስ ያጣ ምን ይሆናል?» ርዕሰ መስተዳድሩ መልሱን እያወቁ ጠየቁ።

«ቁራኛ!» አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ።

ያልሰማ ይስማ፦ ቁራኛ ማለት ዋስ ያጣ ሰው ከከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብሮ የሚሄድበት የድሮ ሥርዓት ነው።

«እንግዲያው ይሰሩኝ» አሉ ርዕሰ መስተዳድሩ እጃቸውን ዘርግተው።

«እርስዎን ይዤ ብሄድ አገሩን ማን ሊያስተዳድር ነው? ጉዳዩን የያዘውን ሰው ይስጡኝ።»

የሁሉም ዓይን ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው ሰውዬ ላይ አረፈ። የኢነርጂ ኃላፊው አቶ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። «ፍቅረ ሥላሴ፣ ተነስ፤ የስብሰባው ቀሪ ሥራህ ቢቸና ነው» አሏቸው አለቃቸው። ሀብትነሽ ወደ ፊቱ ረድፍ ወረደች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ወረቀቱን ለደምለው ሰጠችው። «ይኼን ምስጋና ያዝልኝ፣ ልጄ። ሲደርስ እፈልገዋለሁ።» ከዚያ ያንኑ ጫፍ በአቶ ፍቅረ ሥላሴ ኮት የቁልፍ ቀዳዳ አሾልካ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። የሞጣ ሴቶች እልልታ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

በኃላፊው መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉዞ ጀመሩ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ተቁነጠነጡ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሽንት ቤት ልሂድ።»

«ዋስ ይጥሩ።»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀና «እኔ ዋስ ነኝ፣ እማማ!» አለ። የዚያን ዕለት የተገኘው የመጀመሪያው ዋስ እሱ ነው። ሀብትነሽም ቋጠሮውን ፈታች፤ ሰውዬውም በታማኝነት ተመልሰው ኮታቸውን ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ስልክ መደወል ያዙ። አንዱ ጋ ደወሉ፣ ሌላው ጋ ደወሉ፣ ጮኹ፣ ላባቸውን ጠረጉ።

«ተገኘ?» አለች።

«ትራንስፎርመሩ ከታኅሣሥ ጀምሮ መጋዘን ተቀምጧል፣ እትዬ። የጎደለው የጭነት መኪናው ማዘዣ ነው። አልተፈረመበትም።»

«ማነው የሚፈርመው?»

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ድምፃቸው ቀነሰ። «እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ያሰርኩት ኮትዎን!» አለች ሀብትነሽ። «እጅዎን ማን ያዘው?» ሾፌሩ በሳቅ መሪውን ሊለቅ ነበር። አቶ ፍቅረ ሥላሴ መጀመሪያ ተኮሳተሩ፣ ኋላ እሳቸውም ሳቁ።

ቢቸና ሲደርሱ ብሩክታይት እናቷ ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ታስራ ከመኪና ስትወርድ አየችና ጮኸች። «እማዬ! ምን አጥፍተሽ ነው የያዙሽ?»

«ያዢዋ እኔ ነኝ። ይልቅ ወፍጮ ቤቱን ክፈቺ።»

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ቦርሳቸው ውስጥ ሲዞር የከረመውን ማዘዣ አውጥተው የዱቄቱ ሚዛን ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ሀብትነሽ ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ድንጋዩ ላይ ያረፈው። ስምንት ወር የቆመ ድንጋይ አቧራ ሊለብስ ሲገባው ንጹሕ ነው፤ ትኩስ ተወቅሯል።

«ማነው የወቀረው?»

ብሩክታይት መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ። በየወሩ እወቅረዋለሁ። ድንገት መብራት ቢመጣ ብዬ።» ፓስፖርት ያወጣችው ልጅ ለካ በየወሩ ትወቅራለች! ሀብትነሽ እንባዋ መጣ፤ ልትጠርገው ነጠላዋን ስትስብ ኃላፊው አብረው ተሳቡ።

ትራንስፎርመሩ በሳምንቱ ዓርብ መጣ። በሆሳዕና ዋዜማ ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ አህያ ሁሉ በር ላይ ነበር። ደምለውም ወረቀቱን ይዞ ከተፍ አለ። «እትዬ፣ አደራዎ።»

«በል አሁን አንብብልኝ፤ ጮክ አድርገህ!» አለችው። እሱም ከወፍጮው ድምፅ በላይ እየጮኸ ምስጋናውን አነበበ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶችም «ዘርፈ ብዙ» ባለ ቁጥር እልል አሉለት።

ብሩክታይት ዱቄት በዱቄት ሆና ሚዛኑ ጋ መጣች። ሀብትነሽ ከሳምንት ወዲህ አፏ ላይ የቆመውን ነገር አሁን አወጣችው።

«ዓረብ አገሩስ?»

«ከተነሳ አልሄድም ብያለሁ፤ ተነሳ። ቃሌ ነው።»

«ዋስ ጥሪ።»

«እኔ ዋስ ነኝ!» አለች አንዷ ከወረፋው። «እኔም!» «እኔም አለሁላት!» የሞጣው የፊት ረድፍ ያን ጊዜ በነበረና ባየ! ብሩክታይት ግን እጇን አወዛወዘች። «ዋስ አልጠራም» አለችና የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ከሽርጧ ጋር ቋጠረችው።

«ተይ፣ ቺንጋው ይይዘናል፤ ፍቺው» አለች ሀብትነሽ፣ አሁንስ እንባዋን ሳትደብቅ።

«ዋስ ጥሪ ብለሽ ያሰርሽኝ አንቺ፤ አንቺው ፍቺኝ።»

ሀብትነሽ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች፤ ልትፈታው ግን አልቸኮለችም። ወረፋ ላይ ካሉት አንዳቸውም ቶሎ በይ አላሏትም።