ቲርሎክ ሲንግ ያላነበቡት ገጽ

ፓርኒት በቅዱሱ መጽሐፍ ላይ የክብር ጭራውን እያወዛወዘች በአያቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ገጹን ባታይ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ማየት ግን አመሏ ነው። እናቷ «ይቺ ልጅ የተከደነ ድስት አታልፍም» የምትላት ወዳ አይደለም።

አያቷ ቲርሎክ ሲንግ በመንደሩ ጉርድዋራ፣ በሲኮቹ ቤተ ጸሎት፣ አንባቢ ናቸው። የዚያን ቀን ጠዋትም እንደ ወትሮው ቅዱሱን መጽሐፍ ሌሊት ከሚያርፍበት መኝታው አስነስተው፣ በዙፋኑ ላይ አሳርፈው፣ ሳይመርጡ እንደመጣላቸው ገለጡት። በግራው ገጽ አናት ላይ የሚገኘው ቃል የዕለቱ ትእዛዝ ነው፤ መንደሩ እሱን ይዞ ይውላል። አያቷ ያነበቡት ስለ ትዕቢት ነበር፣ ትዕቢት በሰውና በሰው መካከል ስለሚያቆመው ግንብ። ይህን ሲሰሙ ወንድማማቾቹ ጋጃንና ሱርሙክ አንገታቸውን ደፉ። አባታቸው ከሞተ በኋላ ተጣልተው ግቢውን በጡብ ግንብ ለሁለት ከፍለውታል፤ ከጋጃን ጋር የምትኖረው አሮጊት እናታቸው የሱርሙክን ልጆች ለማየት በመንገድ ዞራ ትሄዳለች። ጋጃን ሲወጣ «ትእዛዝ ነው፤ ነገ ይፈርሳል» አለ።

ገጹ ላይ የነበረው ግን ስለ ዝናብ ነው። ፓርኒት ደጋግማ አየችው፤ ዝናብ ስለምትጠብቅ ወፍ ይላል፣ ግንብ የሚባል ነገር የለበትም።

ቤት ገብተው ሻይ ሲቀርብላቸው አላስቻላትም።

«አባባ፣ ያነበቡት ገጹ ላይ የለም።»

«ዓይኔ ከክረምቱ ወዲህ ፊደል አይለይልኝም» አሉ ቀስ ብለው። «በቃሌ ነው የምወጣው።»

«እንግዲያው መራጩ እርስዎ ነዎት።»

«የዚያች እናት ነገር አንጀቴን በላው።»

«ታዲያ የማን ትእዛዝ ነው? የፈጣሪ ነው የእርስዎ?»

«ከእሱ ትእዛዝ ውጭ የሆነ ነገር የለም ብዬሽ የለ?»

«እንዲያማ ከሆነ ሌባም የሚሰርቀው ታዞ ነው።»

«ምላስሽን ያዢው» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ሌባውም ከትእዛዙ አይወጣም፤ የዘራውን ግን ራሱ ያጭዳል። እኔም የዘራሁትን ሳስበው ሻዩ አልወርድ አለኝ።»

ፓርኒት ተጨነቀች። ብትናገር ግንቡ አይፈርስም፤ ዝም ብትል ደግሞ በመጽሐፉ ስም የተነገረ ውሸት ይዛ ልትኖር ነው። «ብናገርም ትእዛዝ፣ ዝም ብልም ትእዛዝ» ብላ ልትገላገል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሁለቱም ትእዛዝ ከሆኑ የቱን እንደምታደርግ የሚነግራት የለማ። ነገሩ ከማስጨነቁ ይልቅ ማስገረሙ ባሰባት።

በማግስቱ ጠዋት ግን አያቷ ቀደሟት። ሕዝቡ ፊት ቆመው «ትናንት የተገለጠውን አላነበብኩም። ዓይኔ አያይም። የፈለግኩትን ነው የተናገርኩት፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ከዚያ ጭራውን ከፓርኒት ተቀብለው እሷን በቦታቸው አስቀመጧት።

ሱርሙክ ወንድሙን ገልመጥ አድርጎ «እንግዲህ ግንቡ ይቆማላ» አለው።

ፓርኒት ገለጠች። ያንን የትዕቢቱን ቃል እሷም በቃሏ ትወጣዋለች፤ አሁን ብትለው ማን ያውቅባታል? ከኋላዋ የቆሙት አያቷ እንደሆኑ አያዩም። ቢሆንም ገጹ ላይ ያለውን አነበበች፤ ከውሃ ስለወጣች ዓሣ ነበር።

ጸሎቱ አልቆ ጣፋጩ በየመዳፉ ሲታደል፣ ጋጃን ወደ ወንድሙ ጠጋ አለ።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ዓሣዋን። ከልጅ ልጆቿ የተለየችውን እማማን እኮ ነው የሚላት።»

ሱርሙክ ጣፋጩን ጎረሰ። «ዛሬም ቃሉ እኛኑ ነው የያዘን» አለ። ተያይዘው ዶማ ፍለጋ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቲርሎክ ሲንግና ፓርኒት በጋጃን ግቢ በር ላይ ቆመው ነበር። አቧራው ለአያቷም ይሸታቸዋል።

«እናትየዋ ተሻገረች?» አሉ።

«ሁለቱም ደግፈዋት በፍርስራሹ ላይ እየተሻገረች ነው።»

አዛውንቱ እንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ ባላግዘውም ፈጣሪ ይችል ነበር ማለት ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል፣ አፍረዋልም።

«ዛሬ እውነቱን እንዲናገሩ ያደረገዎትስ ማን ነው፤ እሱ ነው እርስዎ?»

አያቷ ትንሽ አሰቡና ትከሻዋን ያዙ። «ያ ድስት ለእኔም እንደተከደነ ነው» አሉ። «ነይ፣ ወደ ቤት ምሪኝ።»