ጎማ ያሰከረው ሾፌር

ሰው በቁራጭ ጎማ ምክንያት ሰካራም ይባላል? ይባላል እንጂ! ወልደ ማርያም ተብሏል። ያውም ከሁመራ ወጥቶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባ ጀምሮ ጠላ በአፉ ያልዞረ ሰው፤ ያውም መጠጥ የቀመሰ በአደባባይ ጅራፍ በሚገረፍበት ከተማ፤ ያውም ልጁ ለትዳር በምትጠየቅበት ሳምንት።

ነገሩ የጀመረው ከመኪናዋ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ባለቤቷ አብዱልናስር የሚባል የገዳሪፍ ሰሊጥ ነጋዴ ሲሆን ነጂዋ ወልደ ማርያም ነው። በየሳምንቱ ስኳርና ሳሙና ጭና ወደ ገላባት ትወርዳለች፤ ስትመለስ በጣሪያዋ ሰሊጥ፣ በሆዷ ሰው ይዛ ትመጣለች። መንገዱ መንገድ አይባልም። በክረምት ጭቃው መኪና ይውጣል፤ በበጋ ያው ጭቃ የካሚዮን ጎማ እንዳረሰው ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። እዚያ ላይ ዓመት ከዓመት ስትንገጫገጭ የኖረች መኪና ምን ይተርፋታል? ከፊት በኩል ከሻንሲው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ወፍራም ዘንግ አለ፤ ሜካኒኮች ስታቢላይዘር ይሉታል። ሥራው መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ አንድ ጎን እንዳትጋደም መያዝ ነው። ዘንጉን አቅፈው የሚይዙት ሁለቱ ቁራጭ ጎማዎች ተበልተው አልቀዋል። ጫፎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙት አጫጭር ብረቶች፣ ሊንኮቹም፣ ቀዳዳቸው ሰፍቶ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሆነዋል። ዘንጉ ቋ ቋ ይላል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። ጣሪያዋ ላይ ጆንያ ተቆልሎ ኩርባ ሲመጣ መኪናዋ እስክስታ ትወርዳለች።

ወልደ ማርያም ይህን ለጌታው ሳይነግር ቀርቶ አይደለም። ነግሯል፤ እስኪሰለቸው ነግሯል።

«ያ ኡስታ፣ አንተ ባለሙያ፣ ሞተሩ ይነሳል?» ይለዋል አብዱልናስር።

«ይነሳል።»

«ፍሬኑ ይይዛል?»

«ይይዛል፤ ግን እኮ...»

«ማሌሽ፣ ግድ የለም! ጎማ አይደለም እንዴ? ሰሊጡ ይሸጥና እናያለን።»

ሰሊጡ ተሸጠ፤ ሌላ ሰሊጥ ተዘራ፤ ያም ተሸጠ። ጎማው እንዳለቀ አለ። አብዱልናስር ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱ በመኪናዋ የሚሄደው ከቤቱ እስከ ገበያ ነው፣ እዚያ መሀል ደግሞ ኩርባ የለም። ሌላው ሰው ከጎን ወደ ጎን ሲላጋ ቢውል እሱን ምን አገባው?

አሁን ወደ ልጅቷ እንምጣ። ሣህሊቱ የወልደ ማርያምና የአሰጋሽ አንድያ ልጅ ናት። ገላባት አክስቷ ዘንድ ስትመላለስ ታምሬ የሚባል ባለሱቅ አይቷት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። የልጁ ዘመዶች በኅዳር ሽማግሌ እንደሚልኩ ወሬው ቀድሞ ሾልኮ ደረሰ። ደንቡ ታዲያ የታወቀ ነው። የልጅቷ አባት ቢሰማም አልሰማም፤ ሽማግሌዎቹ ከፊቱ ቆመው «ጉዳይ አለን» እስኪሉት ድረስ ስለ ልጁ ቃል አይተነፍስም። እነሱም መንገድ ላይ ቢያገኙት እንደማያውቁት ያልፉታል።

ስደት ደንቡን ያጣመመው እዚህ ላይ ነው። በአገር ቤት ሽማግሌ በእግሩ ወይም በበቅሎው ይመጣል። ከገላባት ወደ ገዳሪፍ ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ተቀምጦ የሚመጣባት መኪና ያቺው ላንድክሩዘር ናት፤ ነጂዋም ያው የልጅቷ አባት ነው።

በኅዳር መጀመሪያ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ገላባት መነሻው ላይ ቆመው አገኛቸው። አቶ አንዳርጌ የሽማግሌዎቹ አፍ ናቸው። መሪጌታ ስማቸውና ሐጂ አደም ደግሞ አንዱ ካለ ሌላው ሽምግልና የማይሄዱ የድሮ ወዳጆች ናቸው።

«የገዳሪፍ ሰው ነህ፣ ሾፌር?» አሉት አቶ አንዳርጌ፤ ባለፈው ዓመት ክርስትና ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ የበላውን ሰው።

«አዎ፣ አባቴ። በደህና ነው ወደ ገዳሪፍ?»

«ለጉዳይ ነው።»

«ጉዳይዎን ያቅናልዎ።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። መኪናዋ ከነሰሊጧ ወደ ግራ ተጋደመች፤ ሐጂ አደም መሪጌታ ላይ ወደቁ። ወደ ቀኝ ስትመለስ መሪጌታ ሐጂ አደም ላይ ወደቁ፤ የሐጂ ጥምጣምም ተፈትቶ ከመሪጌታ ጭን ላይ አረፈ። መሪጌታ ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ። ዶካ ሳይገቡ ያለው ደረቅ ወንዝ ጋ ሲደርሱማ የሚደግሙት ጮክ ብለው ነበር።

አቶ አንዳርጌ ከፊት ወንበር ሆነው ወልደ ማርያምን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በእንቅልፍ እጦት የቀላውን ዓይኑን አዩ። መሪውን ለማቅናት የሚታገለውን እጁን አዩ።

«ሾፌር፣ ማታ የት ነው ያመሸኸው?»

«ከጭነቱ ጋር፣ አባቴ። መኪናዋ ናት እንዲህ የምታደርገን።»

«መኪና ደግሞ ይጠጣል እንዴ?»

ምን ይበል? አብዮት ጠባቂዎች ስሙን በጠሩ ማግሥት ቤተሰቡን ይዞ ከሁመራ ሲሸሽ፣ ተከዜ ሞልቶ ሲያገኘው፣ ሣህሊቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ «ገብርኤል ሆይ፣ ይህችን ልጅ ካሻገርክልኝ መጠጥ በአፌ አይዞርም» ብሎ ተሳለ። ተሻገረች። ስለቱንም ጠበቀ። ይህን ቢናገር ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። ነገር ግን የስለቱ ታሪክ የሚጀምረው ከልጁ ነው፤ በነዚህ ሰዎች ፊት ልጁን ካነሳ ደግሞ ደንቡ ፈረሰ። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ነዳ።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ተጠርጎ፣ አሰጋሽ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እሱም አዲስ ጋቢ ደርቦ ምንም እንደማያውቅ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌ አልመጣም። ፀሐይ ከፍ አለች፤ አሁንም አልመጣም። በመጨረሻ የመጣችው ሽማግሌዎቹ እቤቷ ያደሩባት በላይነሽ ነበረች፤ የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ይዛ።

«ምን ብዬ ልናገረው፣ እቴ አሰጋሽ? ‹ያየነውን አይተናል፤ ከሰካራም ቤት ልጅ አንጠይቅም› ብለው ተዉት እኮ። ነገ ሊመለሱ ነው።»

አሰጋሽ መጀመሪያ ሳቀች። «ማን? እሱ ነው ሰካራም? ለጥምቀት ብርዝ ሲሰጡት ‹ፈልቶ እንዳይሆን› ብሎ የሚመልሰው?» አለች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ሣህሊቱ ተነሳች። ወደ ጓሮ ወጥታ ታጥቦ የተቀመጠውን ዕቃ እንደገና ታጥብ ጀመር።

ወልደ ማርያም ቁጭ ብሎ የሳህኑን ድምፅ ሰማ። ለዚህች ልጅ ብሎ በየሰርጉ፣ በየተዝካሩ ብርጭቆውን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ሲያሾፉበት ችሏል፤ ‹አንተ ሰልመሃል እንዴ?› ሲሉት ችሏል። አሁን ደግሞ ልጁ የምትቀረው አባቷ ጠጪ ነው ተብሎ ነው! በምን? በጎማ! ይህ ፍርድ ነው?

ሣህሊቱ እጇን እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ነገ የምትመልሳቸው አንተ ነህ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ጠግናት።»

ጋቢውን አውልቆ ወጣ። መጀመሪያ የሄደው በረባሶ ከሚሠራው ከኢስሃቅ ዘንድ ነው። ኢስሃቅ ከካሚዮን ጎማ ለስደተኛው ሁሉ ጫማ የሚቆርጥ ሰው ነው።

«ወፍራም ቁረጥልኝ። መሀሉ ይበሳ፤ ጎኑ ይሰንጠቅ።»

«ለየትኛው እግር ነው?» አለ ኢስሃቅ።

«ለፊተኛው።»

ከዚያ መኪናዋን ወደ ወርሻ፣ ወደ ጋራዥ ማለት ነው፣ ወሰዳት። ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር የመጣው ኤርትራዊ ሜካኒክ ያዕቁብ ግቢው ውስጥ ከወደቀች ሬሳ መኪና ቀዳዳቸው ያልሰፋ ሁለት ሊንኮች ፈታለት። በክሪክ አንስተዋት ሥሯ ገቡ። የድሮው ጎማ ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። የበረባሶውን ጎማ ሳሙና ቀብተው ዘንጉ ላይ አለበሱት፤ ማቀፊያውን መለሱ፤ ሊንኮቹን ከላይና ከታች ከነጎማቸው አሰሩ። ያዕቁብ የብሎኑን ዳዶ ሊያጠብቅ ሲል ወልደ ማርያም እጁን ያዘው።

«አሁን አይደለም። መጀመሪያ በእግሯ ትቁም። ተንጠልጥላ ካጠበቅነው ስትወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀደዳል።»

«ሓቅኻ፣ እውነትህን ነው፣» አለ ያዕቁብ፤ ክሪኩንም አወረደ።

አብዱልናስር የደረሰው ይኼኔ ነው። «ያ ኡስታ! መኪናዬን ፍታ ብሎ ማን አዘዘህ?»

ወልደ ማርያም ጥቁር እጁን ሳይጠርግ ተነሳ። «መኪናህ ሰካራም አሰኘችኝ።»

«ማሌሽ፣ ወላሂ ሰው ያወራል፣ አንተ...»

«ማፊ ማሌሽ! ማሌሽ የለም!» ድምፁ ወርሻውን አናወጠው። «ስነግርህ ማሌሽ፣ ስለምንህ ማሌሽ! የኔ ልጅ ናት የቀረችው! ያንተ ልጅ ብትሆን ማሌሽ ትል ነበር?»

ባለጌታው እንዲህ ተጮኾበት አያውቅም። ከመሬት አንዱን የተበላ ጎማ አንስቶ ሲያገላብጠው በጣቶቹ መሀል ተፈረፈረ። ያየውን አይቶ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሥራው እስኪያልቅ ጠበቀ። ወልደ ማርያም የቀረውን አሮጌ ጎማ ኪሱ ከተተው።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ እንደ ተቀጣ ልጅ እያቅማሙ መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ጣሪያው ላይ የስኳርና የሳሙና ጆንያ ተቆልሏል። ወልደ ማርያም ሰላምታ ሰጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ኩርባ መጣ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ታጠፈች። ሌላ ኩርባ መጣ፤ የሐጂ ጥምጣም ንቅንቅ አላለም። መሪጌታ ጥቂት አንቀላፉ። ወልደ ማርያም በልቡ ‹አሁን ይገባቸዋል፤ አሁን ይናገራሉ› እያለ ነዳ።

ከዶካ አልፈው ያ ደረቅ ወንዝ ጋ ሲደርሱ አቶ አንዳርጌ እውነትም ተናገሩ።

«አየህ፣ ልጄ? ሳትጠጣ ስትነዳ እንዴት ያምርብሃል!»

ወልደ ማርያም ፍሬን ያዘ። ለካ ንጽሕናዬን ትመሰክርልኛለች ብሎ የጠገናት መኪና ይባስ ብላ መስክራበታለች! ሞተሩን አጠፋ፤ የብሎን መፍቻዎቹን ከወንበሩ ሥር አወጣ፤ መሬቱ ላይ ተጋድሞ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሁለቱን ሊንኮች ፈታ፤ ዘንጉ እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰረው፤ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ወርደው ቆመዋል።

«ይግቡ፣ አባቶቼ።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ይግቡ ብያለሁ!»

ገቡ። ያንኑ የወንዙን ኩርባ ሄደባት፤ ዞሮም ተመለሰባት። ሐጂ መሪጌታ ላይ፣ መሪጌታ ሐጂ ላይ። ጥምጣሙ ወደቀ። ውዳሴ ማርያሙ ተጀመረ። አቶ አንዳርጌ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «በቃ! በቃ!» አሉ። አቁሞ ፊቱን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«ያሽትቱኝ።»

አቶ አንዳርጌ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ አሸተቱት።

«ሽሮ ነው፣» አሉ በመጨረሻ።

ከኪሱ የተበላውን ጎማ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠው። «ሰካራሙ ይኸውልዎ። ያን ቀን ይህ ነበረ፤ ትናንት አዲስ ገባ፤ አሁን ደግሞ ፈታሁት። እኔ ያው እኔ ነኝ።»

መልስ አልጠበቀም፤ ሊንኮቹን ሊመልስ ሥሯ ገባ። ከላይ ሹክሹክታ ሰማ፤ የሐጂ አደም ቁጣ፣ ከዚያ የመሪጌታ «አላልኩህም?»። ቀጥሎ በሮቹ ተከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ወርደው ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ከተኛበት የሚታየው እግራቸውና የበትራቸው ጫፍ ብቻ ነበር።

«ቁጭ በሉ ብትለንም አንቀመጥም፣» አሉ አቶ አንዳርጌ፤ ድምፃቸው እንደ ወጉ ከፍ ብሎ።

«መቀመጫም የለ፣ አባቴ።»

«በድለንሃል። ደግሞም ጉዳይ አለን።»

ወልደ ማርያም እጁ ዳዶው ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደ ቆሙ ቢተዋቸው ደስ ባለው ነበር። ለአንድ ቀን ሙሉ ቤቱን ለቅሶ ቤት አድርገውበታል። ግን ያ የሳህን ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበር። ዳዶውን አጥብቆ፣ ሽቦውን ፈትቶ፣ አቧራውን እያራገፈ ተነሳ።

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ አባቶቼ። የሰው ጉዳይ አላውቅም። የልጅቷን አባት የምትፈልጉ ከሆነ ቤቱ ገዳሪፍ ነው፤ አደርሳችኋለሁ።»

አቶ አንዳርጌ ጎማውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው የፊት ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ወልደ ማርያም የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ገዳሪፍ አዞረ። የአብዱልናስር ስኳር ገላባት ሳይደርስ ሊያድር ነው፤ ማሌሽ! ኩርባውን ቀጥ ብላ ታጠፈችለት።

ጥቂት እንደሄዱ ሐጂ አደም ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ፣ ሾፌር፣ ይህን የልጅቷን አባት ታውቀዋለህ?»

«በደንብ አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ቁጡ ነው፣» አለ ወልደ ማርያም። «መጠጥ ግን አይቀምስም።»