የወፍጮው ጢስና የዶክተሩ ዱቄት

አወል ሰው ሳይንቅ የዋለበት ቀን የለም። በሀቢቾ ገበያ ዳር ያለውን የወይዘሮ አሚናን የናፍጣ ወፍጮ አሥራ ስድስት ዓመት የጠገነው እሱ ነው፤ ከእሱ ሌላ ሞተር የሚያውቅ ሰው አለ ብትሉት ይስቅባችኋል። ዶክተር ሽብሩ የሚባል ተመራማሪ ከሾፌሩ ጋር ከአዲስ አበባ በላንድክሩዘር ሲመጣ ደግሞ የሚናቅ ሰው ደጁ ድረስ መጣለት።

ዶክተሩ ያመጣው ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ነው። ከጉሎ ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል ሆኖ ናኖ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ገብቶበታል። ዱቄቱ ነዳጁን አሟልቶ ያቃጥላል፣ ጢስ ይቀንሳል፣ ፍጆታ ይቆጥባል አለ። ነገሩ ከሠራ ወይዘሮ አሚና ወፍጮዋን ዓመቱን ሙሉ በዚሁ ልታስኬድ ለፕሮጀክቱ ትፈርማለች።

"ዱቄት ከወፍጮ ይወጣል እንጂ ሞተር ውስጥ ይገባል እንዴ?" አለ አወል። "እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ የነዳጅ ፖምፓዎን ሊያስበላዎት ነው።"

"እስኪ እንየው" አለች እሷ።

ንቀቱ ይሁን፤ ፍርሃትም ነበረበት። የአወል ክብር ሁሉ ያለው እዚያ ሞተር ላይ ነው። ከዙሪያው ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ተሸክሞ የሚመጣው ገበሬ እንኳ "የአሚናን ወፍጮ የሚሠራው ሰውዬ የት ነው?" እያለ ነው የሚጠይቀው። ሞተር በዱቄት ከዳነማ አወልን ማን ይፈልገዋል?

ጠዋት ሞተሩ በተራ ናፍጣ ተነሳ። ጥቁር ጢስ ግቢውን ሞላው፤ ወይዘሮ አሚናን በተቀመጠችበት ሳል ያዛት። ዶክተሩ የመለኪያውን ዘንግ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትቶ ቁጥሩን አነበበና "በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈ። ጢሱ በበዛ ቁጥር የሚደሰት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ግን ተደሰተ፤ ዱቄቱ የሚቀንሰው ጢስ አገኘ።

"ናፍጣው ነው" አለ አወል፣ ማንም ሳይጠይቀው። እውነቱን እሱ ያውቀዋል። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል ካጸዳ ዓመት አልፎታል። በየሦስት ወሩ "አጽድቼዋለሁ" ይላል፣ ወይዘሮ አሚናም ታምነዋለች።

እንግዶቹ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ አወል ከሞተሩ ጋር ብቻውን ቀረ። የአዲስ አበባ ሰው ጢሱን አይቶበት ሊሄድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ? ኖዝሉን ፈታው፣ የጠቆረውን ፋቀ፣ በላምባ አጠበ፣ መልሶ አሰረው። ከመሐል እንዲህ ከተነካካ የጠዋቱ ልኬት ከከሰዓቱ ጋር እንደማይወዳደር አንድም ጊዜ አልታሰበውም፤ እሱን ያሳሰበው ስሙ ነበር።

ከሰዓት ዱቄት ያለበት ነዳጅ ተሞላ። ሞተሩ ተነሳ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ለዓይን እምብዛም አይታይም።

"ጢሱ ከግማሽ በላይ ወርዷል" አለ ዶክተሩ። እህል ይዘው የተሰለፉት አጨበጨቡ። ወይዘሮ አሚና ልትፈርም እስክሪብቶ ያዘች።

አወል ክው አለ። የገዛ እጁ ሥራ ለዱቄት ሊጨበጨብለት! ኅሊናው ወቅሶት እንዳይመስላችሁ፤ ያናገረው ትዕቢቱ ነው። "ዱቄቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለ። "እናንተ ምሳ ስትበሉ ኖዝሉን አጽድቻለሁ።"

"ጋሽ አወል፣ መሣሪያ አይዋሽም" ብሎ ሳቀ ዶክተሩ።

ወይዘሮ አሚና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "ናፍጣውን መልስበት" አለችው አወልን።

"ዝናብ ሳይጥል ሆሳዕና መግባት አለብን" አለ ዶክተሩ።

"ይጠብቁ" አለች።

አወል የነዳጅ ታንከሩን አራግፎ ተራውን ናፍጣ ሞላ፣ አየሩን አስወጥቶ አስነሳ። ዶክተሩ ሳይወድ ለካ። ቁጥሩ ከዱቄቱ ቁጥር ጋር አንድ ነው። "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል" አለና ደብተሩን ዘጋ፤ የጠዋቱንም ሆነ የዱቄቱን ቁጥር አልሰረዘም። በሪፖርቱ ዱቄቱ ጢሱን ከግማሽ በላይ አወረደ ብሎ እንደሚጽፍ መገመት አያቅትም። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

አወል ደረቱን ነፍቶ ምስጋና ለመቀበል ዞረ። ወይዘሮ አሚና ጭስ ማውጫውን እያየች ነበር።

"በዚሁ ናፍጣ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ መሄድ ይችል ነበር?"

"አዎ፣ እሱማ…"

"ናፍጣው ነው ስትለኝ አመንኩህ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ‘ሳልሽ ከጢስ ነው፣ ራቂ’ ሲለኝ፣ ‘የሞተር ጢስ ነው፣ ምን ይደረጋል’ አልኩት። እዚህ ተቀምጬ ስስል አንተ እዚያ ቆመህ ታየኝ ነበር።" አልጮኸችም። "መፍቻህን ሰብስብ፣ አወል። ነገ ሌላ ሰው አስመጣለሁ።"

የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ። አወል መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት ለቀመ፤ ሞተሩ ከኋላው ያለ ጢስ ይፈጭ ነበር።