የእትዬ ላቪኒያ ኬክ

ልጆች ቤተ ክርስቲያን ቆመው ጥቅስ የሚሉበትና በየቤቱ የሚደገስላቸው የልጆች እሑድ ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሉፔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቅሷን አንድም ቃል ሳትስት ስላለችው፣ የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ላቪኒያ ዓይናቸውን በመሀረብ እያበሱ ነበር ወደ ቤታችን የገቡት። ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶች አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክመዋል።

የሚኖሩት ከደሴታችን ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ከተማ ነው። ኬኩን በመርከብ አስቀድመው ልከው በአውሮፕላን ተከትለው መጡ። ሦስት ሳምንት ባሕር ላይ ቆይቶ ሮዝ ክሬሙ አልተሰነጠቀም፤ ትናንት የተጋገረ ይመስላል።

የካርቶኑን ጎን አነበብኩ። እንዳይበላሽ የተጨመሩት ነገሮች በቁጥር ተጽፈዋል። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ሉፔ የታሸገ ኬክ በበላች ቁጥር ደረቷ ሲያፏጭባት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እነዚያኑ ቁጥሮች በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ፣ «ሌላውን ልጅ ምንም ላያደርገው ይችላል፤ ያንቺዋን ግን አርቂያት» ብላኛለች።

ለዚህ ነው ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ፋይካካይ የሠራሁት። ካሳቫውን ፈቅፍቄ፣ ሊጡን ቀቅዬ፣ በትንንሹ ቆራርጬ፣ በተቃጠለ ስኳርና በኮኮነት ወተት አራስኩት። ለነገ የሚቆይ ጣፋጭ አይደለም።

እትዬ ላቪኒያ ድስቱን ከፈት አድርገው አዩ። «አንቺ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀን ካሳቫ? ይሄንማ አሳማዎችሽም በየቀኑ ይበሉታል።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ።»

ሌላ ምን እላለሁ? በእኛ ባህል የአባት እህት ያመጣችው አይመለስም። ባሌ ሴሚሲ እህቱ ባሉበት ቀና ብሎ እንኳ አይናገርም። ወደ እሱ ብዞር ምንጣፉን ያያል።

ኬኩን ራሳቸው ቆረሱት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለሉፔ ሰጧት። ልጄ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ክሬሙን ብቻ ብልሰውስ? እሱም ያፍነኛል?»

ፊቴ ነደደ። እትዬ ላቪኒያ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ የልጅቷን ደረት፣ ከዚያ ካርቶኑን አዩ።

«ሳህኑን ወዲህ በይ» አሏት። ቁራጩን ወደ ቦታው መለሱና ኬኩን በሙሉ ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። «በወንድሜ ቤት ድግስ ምርጡ የማን ነው?»

«የአክስቴ» አለች ሉፔ። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

«እንግዲያው ይሄ የኔ ነው። ማንም እንዳይነካብኝ።»

«ሁሉንም ብቻዎን ሊበሉት?»

«ስስታም ነኝ። አልነገሩሽም?»

ሉፔ ከት ብላ ሳቀች። ፋይካካይዋን ሁለት ጊዜ አስጨምራ በልታ ወደ ጓደኞቿ ስትሮጥ፣ እትዬ ላቪኒያ ማድ ቤት ድረስ ተከተሉኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎ?»

«ስትቀምሰው ፊቷ ምን እንደሚመስል ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ነበር» አሉ። «ለገና ምን ይዤላት ልምጣ?»

«ባዶ እጅዎን ይምጡ። ኮኮነቱን አብረን እንፈቀፍቃለን።»

በእኛ ዘንድ የባል እህት ሥራ አትታዘዝም። የደነገጥኩት ካፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው። እሳቸው ግን ነጩን ቀሚሳቸውን ሰብስበው የኮኮነት መፈቅፈቂያው የተገጠመበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን እስከ ገና?» አሉ። «የድስቱ አልቋል እኮ። አንድ ኮኮነት አቀብይኝ።»