የምድር ቤቱ ምድጃ

«እማዬ፣ እሳቱን ካጠፋሽው ቤቱ ለምን አይበርድም?»

ልጄ ሮማነወርቅ ይህን ስትጠይቀኝ ስድስት ዓመቷ ነበር። በግድግዳው የሚያልፈውን ቧንቧ ዳሰስኩት፤ እንደ በሽተኛ ገላ ይሞቃል።

ባለቤቴ እንደሻው በመንግሥት ሥራ ወደ ሐረር ሲዛወር የተሰጠን ቤት ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር ነበር። አንድ ጣሊያን መሐንዲስ ለራሱ የሠራው ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ትልቅ የብረት ምድጃ አለ። እንጨት ሲነድበት ውኃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውኃ በቧንቧ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወደድነው። የካቲት ሲገባ እንጨት መጨመር ተውኩ፤ ሙቀቱ ግን አልተወንም።

አንድ ሳምንት ታገልኩት። በየክፍሉ ያለውን የቧንቧ መዝጊያ በጨርቅ ይዤ አጠበቅሁ፤ ሁለቱ ዝገው እምቢ አሉኝ። የምድጃውን በር ከፍቼ ሳይ ያለው አመድ ብቻ ነው። ቧንቧው ግን በግድግዳው ውስጥ ቋ፣ ቋ ይላል። ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ መተኛት የምትወደው ድመታችን አንድ ቀን ወጥታ አልተመለሰችም።

«ቤት መሞቁ ምን ይከፋል?» ይሉኝ ነበር አማቴ እማማ ብርነሽ። ከመንዝ አብረውን የመጡ ናቸው። «የሚያስፈራው የቀዘቀዘ ቤት ነው፣ ልጄ።»

በዚያን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት እማር ነበር። አንድ ቀን መምህር ለገሠ ሰሌዳው ላይ «እሳት ያለ አየር አይነድም» ብለው ጻፉና እኔን አስነሡኝ። ሳልሰናከል ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ።

ከምድጃው በሚወጣው የጢስ ቱቦ ላይ እጀታ ያላት ብረት አለች፤ ስትገፋ ቱቦውን ትደፍናለች። የተደበቀ እሳት ካለ አየር አጥቶ ይጠፋል ብዬ ገፋኋት። ዘወር ስል እማማ ብርነሽ ደረጃው ላይ ቆመው ያዩኛል። እጃቸው አመድ ነክቶታል። በነጠላቸው ጠረግ አድርገውት ወደ ላይ ወጡ።

በማግስቱ ሮማነወርቅ ራሴን አመመኝ አለች። ቁርሷ አልረጋላትም። የምትተኛው ከምድጃው በላይ ባለው ክፍል ነው። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን ሰጠናት፤ እንዳይበርዳትም መስኮቱን ዘጋሁላት። ቧንቧው አሁንም አልበረደም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እንደሻው ከኤረር በር ሰፈር አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ይዞ መጣ። ጋሽ ሙሳ ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ለመሐንዲሱ ሠርተዋል።

«ጋሽ ሙሳ፣ ጋኔን ይኖርበት ይሆን?» አልኳቸው ደረጃውን ስንወርድ።

«ጣሊያኑ ሲሄድ የበሩን ቁልፍ እንኳ ነቅሎ ሄዷል፣ እመቤቴ። ጋኔኑን ለእናንተ ይተዋል?»

እንደሻው ሳቀ። ጋሽ ሙሳ የምድጃውን በር ከፍተው በብረት ዘንግ አመዱን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ፍም፣ ደም የመሰለ ፍም ታየ። ቀና ብለው ቱቦውን አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ከዚህ በላይ የሚተኛ ሰው አለ?»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሮማነወርቅ አልጋዋ ላይ ናት። ፊቷ ቀልቷል፤ ብጠራት አትሰማም፣ ብነቀንቃት አትነቃም። ጋሽ ሙሳ ከእጄ ነጥቀው «ቢስሚላህ» እያሉ ግቢ አወጧትና መሬት ላይ አስተኟት። ስሟን ደጋግሜ ጠራሁ። ጎረቤት አጥር ላይ ተሰበሰበ። ብዙ ቆይታ አስመለሳትና አለቀሰች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሙሳ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ፍም ሲታፈን የማይታይ ጢስ አለው። በላይ መውጫ ሲያጣ ቧንቧው በሚያልፍበት የወለል ቀዳዳ ልጅቷ ክፍል ገብቷል። ሌላ አንድ ሰዓት ብትቆይ አትነቃም ነበር። እሳቱን ማን አዳፈነው? ቱቦውንስ ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ ያዳፈንኩት» አሉ እማማ ብርነሽ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። «ይህ ቤት ጉልቻ የለው፤ ወጥ የሚሠራው በላምባ ነው። እሳት የጠፋበት ቤት ሰው ይጠፋበታል ብዬ ጧትና ማታ የወይራ ጉማጅ በአመድ አለብስ ነበር። እናቴም እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።»

«ቱቦውንስ?» አለ እንደሻው።

እማማ ብርነሽ አዩኝ። ሮማነወርቅ አንገቴን አንቃ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

«እሱም እኔ ነኝ» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ልጄን አጥብቄ ይዤ መልሼ ዘጋሁት።

እንደሻው አልጮኸም። «ነገ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መኪና አለ፣ እናቴ» አለ ብቻ።

ጋሽ ሙሳ ፍሙን በባልዲ አውጥተው ግቢው ውስጥ ውኃ ደፉበት። እማማ ብርነሽ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩት።

በማግስቱ ወደ መንዝ ሊመለሱ ጓዛቸውን ሳስር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሁለታችንንም ቢያባርር ልጅቷን ማን ያሳድጋታል? ዝም በይ።»

ለእንደሻው እስካሁን አልነገርኩትም። ቤቱ በሁለት ቀን ቀዘቀዘ፤ ቧንቧውም ዳግመኛ አልሞቀም። እማማ ብርነሽ ሄዱ። እኔ ቀረሁ።