ቀዩ ብርሃን ሲጠፋ

ጵርስቅላ በዶዮገና ከተማ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምራ ነው ማስተርሷን ልትሠራ ሆሳዕና ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባችው። ጥናቷ ከፕላስቲክ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መሥራት ነበር። ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አሟሙታ ትቀላቅላለች፤ መስታወት ላይ በስሱ ትቀባና ብርሃን ታበራበታለች። ስምንት ወር ሙሉ የኤሌክትሪክ መለኪያው ከዜሮ ፈቀቅ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት አማካሪዋ ዶክተር ሆሴዕ አስጠሯት።

«ጥናትሽን የምታቀርቢበት ሴሚናር ደርሷል፤ ጊዜሽ እያለቀ ነው። ርዕስ ብትቀይሪ ይሻላል።»

«እስከ ሐሙስ ይታገሱኝ» አለች።

ላብራቶሪ ስትመለስ ቴክኒሻኗ አስካለች አንዱን ናሙና በሰማያዊ መብራት ስታይ አገኘቻት። ሽፋኑ እንደ ፍም ቀልቷል።

«እንዲህ እያበራ እንዴት ኤሌክትሪክ እምቢ ይላል?» አለች አስካለች።

ጵርስቅላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስለሚያበራ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ከቦታው ያስነሳዋል። ኤሌክትሮኑ ግን ከለቀቀው ባዶ ቦታ ጋር እንደተሳሳበ ነው። ሁለቱ ፕላስቲኮች የሚገናኙበት ድንበር ላይ ቶሎ ከደረሰ ይሻገርና ኤሌክትሪክ ይሆናል። ካልደረሰ ተመልሶ ይወድቃል፤ የወሰደውንም ብርሃን ቀይ አድርጎ ይተፋዋል። ይሄ ቀይ የጠፋብን ኤሌክትሪክ ነው።»

«ድንበሩ ለምን ራቀው?»

«በደንብ አልተዋሃዱማ። በዚህ ብርድ የቀባነው ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይለያዩና ይጓጉላሉ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወቱንም ፈሳሹንም አሙቃ ትቀባ ጀመር። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው አረፋ ሠራ። ረቡዕ ከሰዓት አምስተኛውን መብራቱ ሥር አስገባችው። ቀዩ የለም። አስካለች የተበላሸ መስሏት ደነገጠች፤ ጵርስቅላ ግን ሽቦዎቹን አገናኘች። ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ ሽቅብ ወጣ።

ዶክተር ሆሴዕ ተጠርተው መጡ። ብርሃኑን በመዳፋቸው ጋረዱት፤ ቁጥሩ ወረደ። እጃቸውን ሲያነሱ ወጣ። ሦስቴ ደጋገሙት።

«ሌላ ሥሪ፤ ዓይኔ እያየ» አሉ።

ሠራች። እሱም ወጣ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ። «የቅዳሜውን ነገር እርሺው። ሴሚናሩ ላይ ይህን ታቀርቢያለሽ፤ እኔም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ።»

ጵርስቅላ ወደ ውጭ ወጥታ ዶዮገና ላሉት እናቷ ደወለች። እናቷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ሲፍቁ ነበር።

«እማ፣ ሠራልኝ።»

እናቷ ምኑ እንደሆነ አልጠየቁም፤ እልልታቸውን አቀለጡት። ሴቶቹም ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏቸው።