የዘውዱ ጆሮ

ልጄ ዘውዱ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። የሠርጉ ፎቶ እንኳ ባሮ ሞልቶ ቤታችን በገባ ክረምት ከነሣጥኑ ጭቃ ሆኖ ቀረ። የተረፈችው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ኪሱ ከቶ ዲማ ወርቅ ሊቆፍር ሄደ።

እኔ ግድ አልነበረኝም። የወለደችውን ልጅ መልክ ለማወቅ ወረቀት የምትፈልግ ሴት ባትወልድ ይሻላት ነበር እል ነበር። ሰውም ይስቅልኛል።

ልጁን ቤዚን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ሌላ ባል አግብታ ጎሬ ቀረች። አልፈርድባትም፤ ብፈርድባትም አትሰማኝ። ቤዚ እጇ የማያርፍ ልጅ ነበረች፤ ግድግዳ አይቀራት፣ መሬት አይቀራት፣ የስኳር ከረጢት አይቀራት፣ ሁሉ ላይ ትስላለች። ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን ቢሮ እንደ ኩይሳ በየቦታው ይበቅል ነበር፤ ሁሉም ታፔላ ይፈልጋል። የሥዕል መምህሯ አዶኒያስ ሥራውን ይቀበላል፣ ቤዚ ትስላለች፣ ምስጋናው ለእሱ ይሆናል። አንድ ቀን ፊት ለፊት ነገርኩት። ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። ክፉ ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሥዕልና ንድፍ የሚያስተምር ኮሌጅ ተከፍቷል ብሎ የመጣው እሱ ነው። ኮምፒውተር የሚሉትን አንድ ቢሮ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ተከናንቦ ይቀመጣል፣ ደፍሮ የሚገልጠው የለም። ታዲያ እዚያ ለመግባት ፈተና ብቻ አይበቃም አለ። የእጇን ሥራ መርጣ፣ በአቃፊ አድርጋ ትልካለች፣ እነሱ አይተው ይወስናሉ። ፖርትፎሊዮ ይባላል። ልጅቷን ሳያዩ ሙዳይዋን የሚፈትሹ አማቾች ናቸው በለኛ፣ አልኩት።

አቃፊውን ከራሂማ ሱቅ ባመጣነው የብስኩት ካርቶን ሠራችው። የጎረቤታችን የኛጋች ቅል ተሳለ፣ የባሮ ዓሣ ተሳለ፣ በቀለም ያጌጠ ፊደል ተሳለ። አዶኒያስ ሁሉንም አልጋዬ ላይ ዘርግቶ ሲያይ ቆየና፣ ጥሩ ነው፣ ግን የአዲስ አበባ ልጆች ባማረ ቀለም ከዚህ የበለጠ ይልካሉ አለ። የቤዚ ፊት ጠቆረ። ከዚያ ከሁሉ ሥር የነበረችውን አወጣት።

የዘውዱ ምስል ነበረች። ለፋሲካ የመጣ ጊዜ ማንጎው ሥር አስቀምጣ፣ ከእኔው ጆንያ በወሰደችው ከሰል የሳለቻት። ሲቁነጠነጥ፣ ማንጎ ሲልጥ፣ አበቃሽ ወይ እያለ ሲያበሽቃት ነበር። ግን ይዛዋለች። ሊስቅ ሲል የምትከብደው አንድ ዐይኑ አለች። በልጅነቱ ከአጥር ሽቦ ጋር ሲታገል ጫፏ የተቀነጠሰችው ጆሮው አለች። ኛጋች ያየቻት ቀን ወረቀቱን ሰላም ልትለው ምንም አልቀራት።

አዶኒያስ እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ ይቺ ካለች ቤዚ ትገባለች። ይቺ ከሌለች ግን አልዋሽዎትም፣ አትገባም።»

ከሰሉ ግን ወረቀቱን አልያዘውም ነበር። የፀጉር ስፕሬይ ሲነፋበት ይይዛል አለ፤ ራሂማ ጋ ጠየቅን፣ ከጅማ ዕቃ ሲመጣ አለች። እስከዚያ ጣት እንዳይነካት አለ። ሰኞ አቃፊውን ራሱ ይዞ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ኮሌጁ አይቀበልም።

ቅዳሜ ማለዳ ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው ደጄ ላይ ቆሙ። ዲማ ጉድጓድ ተንዶ ነበር። ዘውዱን እዚያው ቀብረውታል። የመታወቂያው ፎቶም አብራው ገብታለች። ሸሚዙን ነበር ያመጡልኝ፣ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። ማን እንዳጠበው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እግዜር ይስጠው፣ ጠረኑን ግን ወሰደብኝ።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሚለቀሰው በልብስና በመልክ ነው። ድንኳን ሳይተከል በፊት ቤዚ ገባች። ዐይኗ አብጧል፤ ምስሏን በሁለት መዳፏ እንደ ታቦት ይዛታለች።

«እሙዬ፣ አባዬ ያለ መልኩ አይለቀስለትም። ውሰጃት። እኔ ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ።»

እኔ ለቅሶ አውቃለሁ። መልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ ይሳማል፣ እንባ ይፈስበታል። ከሦስተኛዋ ሴት በኋላ የእኔ ዘውዱ ጥላሸት ነው። ልጅቷም ታፔላ ስትጽፍ ታረጃለች።

«ሌላ ጊዜ የሚባለውን ሰው እኔ በዚህ ዕድሜዬ አግኝቼው አላውቅም» አልኳት። «እኔ የወለድኩትን በወረቀት አላለቅስም። አስገቢው።»

አቃፊው ውስጥ ከተተቻት። አቃፊውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩ።

ድንኳኑ ሞላ። የእድሯ አልቃሽ መልኩን አምጡ አለች። ምስል የለም አልኩ። መኖሩን ግማሹ መንደር ያውቃል፤ ሲሳል ማንጎው ሥር መጥተው አይተውታል። ጉምጉምታው በጆሮዬ ገባ፤ ለልጇ ወረቀት የሰሰተች፣ አሉ። እኔ ሸሚዙን ብቻ ዘርግቼ ቆምኩ። አልቃሿም ሙሾውን ወደ እኔ አዞረችው፦

ልጅ ሞቷል ይሉኛል፣ መልኩን ሳያሳዩኝ፣
በባዶ ሸሚዝ ነው ዛሬ የሚያስለቅሱኝ።

ሴቱ ሁሉ ተቀበላት። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ብወድቅ ቁልፉ ይታያል ብዬ ይሁን፣ ቢያዩኝ ያዝኑልኛል ብዬ ይሁን፣ እንደ ምሰሶ ተገተርኩ።

ሰው ሲሳሳ ኛጋች አጠገቤ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። የእሷ አማርኛ የእኔን ያህል ነገር አያስጌጥም።

«እሙዬ፣ ወረቀት አያለቅስም። አንቺ አልቅሺ።»

ያኔ ነው የወጣልኝ።

ሰኞ አዶኒያስ መጣ። አቃፊውን ስሰጠው፣ አይተው ሲጨርሱ ምስሏን እንዲመልሱልኝ ንገራቸው አልኩት። እነግራቸዋለሁ አለ። ነገራቸውም። ቤዚን ተቀበሏት፤ ምስሏን ግን አልመለሱም። የገባ ሥራ አይወጣም፣ ደንቡ ነው አሉ። ቤዚ እዚያ ከገባች በኋላ ስትጠይቅ፣ መጋዘን ቀይረናል፣ የድሮው የት እንደሆነ አናውቅም አሏት። የእኔ ልጅ ሁለት ጊዜ ተቀበረ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልነበርኩም።

እኔ አሁንም ግድ የለኝም አልኩ። የወለድኩት ነው፣ መልኩ ዐይኔ ላይ ነው፣ አልኩ።

በሁለተኛው ክረምት ቤዚ ለዕረፍት መጣች፤ ቁመቷ ጨምሯል፣ ስትናገር መሬት ማየት ትታለች። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። አባቷን በኮምፒውተር ሠርታዋለች። ቆዳው እንደ እንቁላል ልሙጥ፣ ሁለቱም ዐይኑ እኩል የተከፈተ፣ ጆሮው ሙሉ የሆነ ጎልማሳ ያየኛል። ኛጋች አየችና፣ ቆንጆ ነው፣ የማን ልጅ ነው? አለች። ቤዚ አልተቆጣችም። ስለማይመስል ነው የመጣሁት አለች፤ ከእኔ አፍ እየሰማች ልታስተካክለው።

ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እርሳስ ይዛለች። ግንባሩን ነገርኳት፣ ጢሙን ነገርኳት፣ ጥርሱን ነገርኳት፤ አፌ ላይ ነበር ሁሉም። ከዚያ፣

«እሙዬ፣ የተቀነጠሰችው ጆሮ የትኛዋ ነበረች?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ።

ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ራሱን ይዤ። ወደየት ነበር ያዞርኩት? ጭኔን አየሁ። እጄን አየሁ። ያችን ወረቀት ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ ጆሮዋ ትመጣልኛለች፣ ቀኝ ግራዋ አይመጣልኝም። ቤዚም ረስታዋለች፤ ያለዚያ አትጠይቀኝም ነበር።

«ቀኝ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ? ኮምፒውተሩ ቀኙን ግራ ማድረግ አያቅተውም።»

«ልጄን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? ቀኝ አልኩሽ።»

ቀኝ አደረገችው። አስተካክላ፣ በመስታወት አስገብታ በሰው ላከችልኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ነው። የሚገባ የሚወጣው፣ ቁርጥ ዘውዱ፣ ይላል። የእድሯ አልቃሽ ሳትቀር መጥታ ደረቷን ደቅታለታለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን ፊት ለፊቱ እቆምና፣ አንዴ ቀኝ ጆሮዬን፣ አንዴ ግራ ጆሮዬን እይዛለሁ።